ከወደቁ በኋላ መቀመጥ መድኃኒት አይሆንም

ጥያቄ፦ «እናቴ 74 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ከዘጌ አምጥቻት ባህር ዳር ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ትኖራለች። ሁለት ዓይነት የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች፤ ስኳር የለባትም። ባለፈው ወር ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትወጣ ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ እኔ ግን ፈርቼ ከዚያ ወዲህ ምንም ሥራ እንዳትነካ ከልክያታለሁ። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ነው የምትውለው። እግሬ ከዳኝ ትላለች፤ ምግብም ቀንሳለች። ጾሙ ሲገባ ደግሞ እንደ አምናው ኪኒኑን ልታቋርጥ ነው። እኔና ባለቤቴ ሥራ ነው የምንውለው። ሠራተኛ ቀጥሬ አጠገቧ ትዋል ወይስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። በውስጥ ደዌ ሕክምና አረጋውያንን ሳይ ስለኖርሁ የጻፍሽው ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። እናት ይወድቃሉ፣ ልጅ ይደነግጣል፣ ከዚያ ከፍቅር የተነሣ «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ አደርገዋለሁ» ይባላል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ እኚያ እናት ከወንበር ለመነሣት እንኳ ደጋፊ የሚፈልጉ ይሆናሉ፤ ሁለተኛው ውድቀትም ከፊተኛው ይከፋል። ስለዚህ ዋናውን መልስ ላስቀድምልሽ፦ እናትሽን ከሶፋው አስነሺያቸው። ሠራተኛም ቅጠሪ፤ የምትቀጠረው ግን የእናትሽን ሥራ ልትቀማቸው ሳይሆን ከባዱን አንሥታላቸው የቀረውን ራሳቸው እንዲሠሩት ለማገዝ መሆን አለበት።

ከመነሣታቸው በፊት ግን አንድ ነገር እርግጠኛ ሁኚ። ሲወድቁ ጭንቅላታቸው ተመትቶ ነበር? በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ቀጭን የደም ሥር ተበጥሶ ቀስ እያለ ሊደማ፣ ምልክቱም ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ነገር መዘባረቅ፣ አንድ እግር ወይም አንድ እጅ መስነፍ ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ ውሰጃቸው፤ ሲቲ ስካን ያስፈልጋቸዋል። «እግሬ ከዳኝ» ያሉት ሁለቱም እግር እኩል ከሆነና ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ከመቀመጥ የመጣ ድካም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሲረግጡ ብሽሽታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን ራጁ እንደገና ይታይ። የጭን አጥንት አንገት ላይ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያው ራጅ ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ይህ ከተጣራ በኋላ ሥጋቱ ራሱ መቀመጡ ነው። ጡንቻ ከዕድሜ ጋር በራሱ ይቀንሳል፤ ሥራ ሲያጣ ደግሞ በፍጥነት ይከሳል። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ሲለካ ከእግራቸው ሥጋ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አጥተው ተገኝተዋል። ያንቺ እናት አንድ ወር ሆኗቸዋል። እስቲ የት እንደተወለዱም አስቢው። ዘጌ በሬ ተጠምዶ የማይታረስበት፣ ሰው በእግሩና በእጁ የሚያድርበት አገር ነው። ቡና ሲለቅሙ፣ ጌሾ ሲቆርጡ፣ እንጨት ሲሸከሙ፣ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ዳገቱን ሲወጡ ዕድሜያቸውን የገፉ ሴት በአንድ ጊዜ ሶፋ ላይ ሲውሉ ሰውነታቸውም መንፈሳቸውም አብሮ ይወርዳል። ምግብ የቀነሱትም በከፊል ከዚህ ይመስለኛል፤ ያልሠራ ሰው አይርበውም፣ የሚጠብቀው ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ይተክዛል።

አቅማቸውን ዛሬውኑ ለክተሽ ማወቅ ትችያለሽ። ሶፋ ሳይሆን ደልደል ያለ ወንበር ግድግዳ አስደግፊና አስቀምጫቸው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው 5 ጊዜ ይነሡ፣ ይቀመጡ። አንቺ አጠገባቸው ቁሚ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ከጨረሱ ጉልበታቸው ደህና ነው። ካልጨረሱ፣ ወይም በእጃቸው ካልተመረኮዙ መነሣት ካቃታቸው፣ ችግሩም መድኃኒቱም እዚያው ወንበር ላይ ነው። ይህንኑ መነሣትና መቀመጥ ጠዋት አንድ ዙር፣ ማታ አንድ ዙር ያድርጉት። መጀመሪያ በእጅ እየተደገፉ፣ በረታ ሲሉ ያለ እጅ፣ ቁጥሩን ከ5 ወደ 10 እያሳደጉ። ቀጥሎ ግድግዳ ይዘው በእግር ጣታቸው ከፍ ዝቅ ማለት፣ ከዚያም አንዱን እግር ከሌላው ፊት ተረከዝና ጣት አገጣጥመው ጥቂት መቆም። እነዚህ ሚዛን የሚያስተካክሉ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአረጋውያን ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን እንዲሠሩ የሚመክረው ዓይነት ነው። ልጆችሽ ይቁጠሩላቸው። አያት የልጅ ልጅ ሲቆጥርላቸው አይሰንፉም።

ሥራም ስጫቸው፤ ስትሰጪ ግን ለይምሰል አይሁን፣ ቤቱ በእርግጥ የሚፈልገውን ሥራ ስጫቸው። ምስር መልቀም፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ጥጥ መፍተል፣ ቡና መውቀጥ፣ ልብስ ማጠፍ፣ ጓሮ ካላችሁ ጎመኑን ማጠጣት። ቡናውንም ያፍሉ፤ ዝቅ ያለው ዱካ ላይ ተቀምጠው ሳይሆን ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ሆነው፣ ረከቦቱም ከፍ ብሎ። ከዱካ መነሣት ለደከመ ጭን ከባድ ነው፤ ሲነሡም ደም ወደ እግር ስለሚወርድ ያዞራል። ሠራተኛዋ የምታነሣው ጀሪካኑን፣ የከሰል ማንደጃውን፣ የሞላውን ድስት ይሁን። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታንድዱ፤ ጭሱ ባይታይም ሰው ይገድላል፣ ባይገድልም ራስ ያዞራል። መስኮት ክፈቱ ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም የወደቁት በሌሊት ነው፣ የአረጋውያን ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከአልጋቸው እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ያለውን መንገድ ማታ መብራት አጥፍተሽ ራስሽ ሂጂበት። በእጅሽ የምትነኪው ነገር ሁሉ፣ እግርሽን የሚያደናቅፍ ነገር ሁሉ እሳቸውንም ያገኛቸዋል። የመጀመሪያው እንቅፋት አጎበሩ ሳይሆን አይቀርም። በሐይቁ ዳር ስለምንኖር አጎበር የግድ ነው፤ ግን ጫፉ ወለል ላይ ከተጎተተ በእንቅልፍ ልብ ለሚነሣ ሰው ወጥመድ ነው። ጫፉን ፍራሹ ሥር አስገቢው፤ በሚነሡበት በኩል ብቻ በቀላሉ የሚከፈት ይሁን። ቀጥሎ የበሩ ደፍ፣ ከዚያ የምንጣፉ ጫፍ፣ ከዚያ የግቢው መውረጃ ነው። ልሙጥ ሴራሚክ ላይ በእርጥብ ሸበጥ መሄድ አጥንት ያስሰብራል፤ ከኋላ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ ያልተላጠ ጫማ ይግዙ። ሽንት ቤቱ ከቤት ውጭ ከሆነ ደግሞ ሌሊት መውጣቱ ራሱ ይቅር። ክዳን ያለው ፖፖ አልጋው አጠገብ አድርጊላቸው፤ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ካቃታቸው መሐሉ የተቦረቦረ ወንበር አናጺ ይሠራልሻል፣ ፖፖው ሥሩ ይገባል። እናቶች ይህን ያፍሩበታል። ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገሪያቸው፣ ጠዋት የምትደፊው አንቺ ሁኚ፤ ልጆቹ ፊት አይነሣ።

መብራት እንደሚጠፋም አስቢ። ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት ራስጌያቸው ይቀመጥ፤ በጨለማ ዳብሰው የሚያገኙት ቦታ ይሁን፣ ቦታውም አይቀያየር። የቁም መታጠቢያውና የሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት እጀታ አስተክይ። ማንኛውም በር የሚበይድ ብረት ሠሪ ይሠራዋል፤ ልስኑ ላይ ሳይሆን ብሎኬቱ ድረስ ገብቶ በብሎን ይታሰር፣ አንቺ ራስሽ በሙሉ ክብደትሽ ተንጠልጥለሽ ሞክሪው።

መቋሚያ ካላቸው ለቅዳሴ ቆመው እንዲደገፉበት ተዪላቸው፤ ለመንገድ ግን ይረዝማል። ለመንገድ የሚሆነው ከዘራ ነው፤ ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ሲያወርዱ ጫፉ የእጃቸው አንጓ ላይ መድረስ አለበት፣ ሥሩ ላይ ጎማ ይኑረው። አንዱ እግር ወይም ጉልበት የሚያም ከሆነ ከዘራው የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ነው። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ ያ ስህተት ነው።

ቢወድቁስ? እንዴት እንደሚነሡ አሁን፣ ደህና ሳሉ፣ ምንጣፍ ላይ አለማምጃቸው። በድንጋጤ ዘልሎ መነሣት የለም። መጀመሪያ ትንፋሽ መሰብሰብ፣ ከዚያ በጎን መዞር፣ በእጅና በጉልበት መቆም፣ እየዳኹ ወደ ወንበር መሄድ፣ ወንበሩን ይዞ አንድ እግር ረግጦ መነሣት። የአንቺ ቁጥር የተመዘገበበት ቁልፍ ያለው ስልክ በአንገታቸው ይንጠልጠል፤ ጎረቤትም የቤቱ ቁልፍ ይኑራት።

ስለ ኪኒኑ። የደም ግፊት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲያምም ተወስዶ ሲሻል የሚተው አይደለም። በጾሙ ወራት አቋርጦ በፋሲካ መጀመር የስትሮክ በር መክፈት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ጥሏቸው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም እኩል መመልከት አለብን። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዢ ለሐኪሙ ይህን ጠይቂ፦ «ተኝታም ቆማም ይለካላት።» 5 ደቂቃ ጋደም ካሉ በኋላ ይለካል፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካል። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሲነሡ የሚያዞራቸው ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ መስተካከል አለበት። በተቀመጡበት ብቻ የተለካ ግፊት ይህን አያሳይም። ከሁለቱ ኪኒኖች አንዱ ሽንት የሚያስወጣው ዓይነት ከሆነ ደግሞ መቼ እንደሚወስዱት ጠይቂያቸው። ማታ እየወሰዱት ከሆነ ሌሊት የሚያስነሣቸው እሱ ነው፤ ጠዋት መወሰድ ያለበት መድኃኒት ነው። ራስሽ ግን አትቀንሺ፣ አትተዪ።

ቤት ውስጥ የምትለኪበት መሣሪያ መግዛት ከቻልሽ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዢ፤ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ያሳስታል። ቤት ተለክቶ በተደጋጋሚ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው። ትልቁ ልጅሽ መጻፍ ከቻለ የአያቱ መዝገብ ያዥ ይሁን፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን በደብተር ያስፍር። ለሐኪም ከዚህ ደብተር የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ጾሙን በተመለከተ ከእናትሽ ጋር አትሟገቺ። ለ74 ዓመት ሰው ጾም የሕይወት ምሰሶ ነው፤ «ሐኪም ከልክሏል» ብቻ ካልሻቸው ኪኒኑን ደብቀው ይጥሉታል። የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ፈቃድ አላት፤ ቃሉ ከእርሳቸው አፍ ሲወጣ እናትሽ ያለ ጸጸት ይቀበሉታል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ ሐኪሙ የሚወሰድበትን ሰዓት ከጾሙ ጋር ሊያስማማው ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ከምግቡ ይልቅ ውኃው ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባህር ዳር ይሞቃል፤ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት የሚወስድ አረጋዊ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ከዋለ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ሲነሣ ይዞርበታል፣ ይወድቃል። በእርጅና ደግሞ የጥም ስሜት ይደክማል፤ «አልጠማኝም» ማለታቸው ውኃ አልጎደላቸውም ማለት አይደለም። ጠዋት ውኃና መድኃኒት እንዲወስዱ ፈቃድ ለምኚላቸው። ስግደቱንም አንሺ። ከወለል ደጋግሞ መውደቅና መነሣት ለሚያዞረው ሰው አደጋ ነው፤ በአስተብርኮ (በመንበርከክ) ወይም በአድንኖ (ራስን ዝቅ በማድረግ) እንዲተካ አባት ሊፈቅዱ ይችላሉ።

ምግብ ላይ አጥብቄ የምለው ስለ ጡንቻ ነው። ለመንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ለመገንባትም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ በቀን ለእያንዳንዱ የክብደታቸው ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም፣ 50 ኪሎ ከሆኑ ከ50 እስከ 60 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ይሰጣል። በፍስኩ ጊዜ በቅርባችን ያለውን ዓሣ አትርሱ፤ ቀረሶ ለስላሳ ነው፣ እሾሁ በደንብ ተለቅሞ ይቅረብላቸው። በጾሙ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ እልበት፣ የሱፍ ፍትፍት አለ። ቁም ነገሩ ማታ አንድ ጊዜ ብዙ ከማቅረብ ይልቅ መብላት በሚፈቀድበት ሰዓት ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ ማቅረብ ነው። ጥርስ ከሌላቸው ቆሎና ጥሬ አይቅረብ፤ በሶና የአጃ አጥሚት ይሻላል። እንጀራቸውን ለብቻቸው በሳህን አታቅርቢ። ከልጆቹ ጋር አንድ ትሪ ላይ ሲሆኑ ጉርሻውም ይመጣል፣ ምግቡም ይበላል።

ጨው ግን ይቀንስ። በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ባይበልጥ ይመከራል። የእኛ ቤት ችግር ጨው ሁለት ጊዜ መግባቱ ነው፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ አንዴ፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ሌላ። የገጠር ልማድ ይዘው ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ ከሆነ ያንንም ቁጠሪው። ጨዉን ለመላው ቤተሰብ ቀንሺ፤ ለእናትሽ ብቻ አልጫ ማቅረብ ቅጣት ይመስላቸዋል፣ ለአንቺና ለባለቤትሽም ከአሁኑ ይጠቅማችኋል። ማኅበር ሲሄዱ ጠላው ይቅመስ፣ አረቄው ይቅር።

ዓይናቸውን ማን አየላቸው? ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ደረጃ መሆኑንና ጥላ መሆኑን አይለይም። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ክልላችን ትራኮማ የበዛበት ስለሆነ የዓይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የሚወጋቸው እንደሆነም ይታይ፤ ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ መኖር መፍትሔ አይሆንም፣ እሱም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

መራመዱን በጠዋት ያድርጉት፣ ፀሐዩ ሳይከርር፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ። ባህር ዳር ለዚህ የተመቸ ከተማ ነው፤ መሬቱ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ዘንባባና ጥላ አለው። ከባጃጁና ከብስክሌቱ መንገድ ራቁ እንጂ በሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ ወይም ጊዮርጊስን ለመሳለም መሄድ ይችላሉ። በ10 ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ። በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ ላይ ሲደርሱ ጥሩ ነው፤ ባይደርሱም የተራመዱት አይባክንም።

ዘጌን ደግሞ አትከልክያቸው። ባል የሞተባቸው፣ አገር የለቀቁ ሴት ናቸው፤ ሐዘኑ ያለቀ ሊመስልሽ ይችላል፣ ግን ዝም ማለታቸው፣ ምግብ መቀነሳቸው፣ ሌሊት መንቃታቸው ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ለሐኪሙ ተናገሪ፤ ድባቴ በእርጅና ዘመን የሚታከም ሕመም ነው። ሲበረቱ ለኪዳነ ምሕረት በዓል ውሰጃቸው። በጀልባ ከሆነ ሲሳፈሩና ሲወርዱ በሁለት ሰው ይደገፉ። እዚህም ሰንበቴና ዕድር አስገቢያቸው፤ የሚጠብቃቸው ሰው ሲኖር ልብስ ይለብሳሉ፣ ይወጣሉ።

ሳትጠብቂ ወደ ሆስፒታል የምትሮጪበትን ደግሞ ለሠራተኛዋም ለልጆቹም አስተምሪ። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተያያዘ ስትሮክ ነው፤ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ በአፍ ምንም አትስጡ፣ ወዲያው ይሂዱ። ጸበሉ ከሕክምናው በኋላም ይደረሳል። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ በድንገት ቢዘባርቁ ወይም ሰው መለየት ቢያቅታቸው «አረጁ፣ ጃጁ» ተብሎ አይታለፍ፤ ድንገተኛ መዘባረቅ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ወይም ወባ ሊሆን ይችላል፣ አረጋውያን ላይ ትኩሳት ሳይኖርም ይመጣል። የወባ ምርመራ ይደረግ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካላችሁ በጤና ጣቢያችሁ ጀምሩ፤ ካስፈለገ በሪፈር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ትላካላችሁ። ሪፈር ሳይዙ መሄድ ወጪውን በእናንተ ላይ ያደርገዋል፤ ድንገተኛ ሲሆን ግን ወረቀት አትፈልጊ፣ ሂጂ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቀጠሮ ያዢ። ይዘሽ የምትሄጂው ሦስት ነገር ነው፦ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በአንድ ፌስታል፣ ከጎረቤት የተሰጣቸውና ባህላዊውም ሳይቀር፤ የግፊት ደብተሩ፤ እንዲሁም መቼ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲያደርጉ እንደወደቁና ከመውደቃቸው በፊት ዞሮባቸው እንደነበር የተጻፈበት ወረቀት። ወረቀቱን እናትሽ ራሳቸው እየነገሩሽ ጻፊው፤ ሐኪሙ ፊትም መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ።